የአሮጌ ፒካፕ ካሶኒ እንዴት ይሠራል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ቦርደዴ

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ጭሮ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በቦርደዴ ከተማ ግማሽ ቀን ቆሞ የሚያልፈውን መኪና የሚቆጥር ሰው ቢኖር፣ ከታላላቆቹ የጭነት መኪናዎች ሌላ ብዙ ትናንሽ ፒካፖችን ያያል። ፍየል፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽንኩርትና የውሃ በርሜል፣ አንዳንድ ጊዜም የሙሽራ አልጋና ቁም ሣጥን ጭነው ይሄዳሉ። ልብ ብሎ ለተመለከተ ግን የብዙዎቹ የጭነት ሣጥን ከፋብሪካ አብሯቸው የመጣ አይደለም። ሞተሩና ካቢናው የጃፓን ሲሆን፣ ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ የአገራችን ብየዳ ቤትና የአናጢ እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ነገር በየቀኑ እያየነው ጠይቀን የማናውቅ ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ ለመጽሔታችን ይህን አርእስት መረጥሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ይህ የጭነት መጫኛ በእኛ አገር «ካሶኒ» ይባላል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ትልቅ ሣጥን ማለት ነው። በጎን ያሉት ተከፋች ግድግዳዎች «ስፖንዳ» ይባላሉ። ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ትራፓኖ፣ ቱቦላሬ የሚሉትም ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የጠላት ወረራ በኋላ፣ ጣሊያኖች ከተሸነፉም ወዲህ፣ የፊያት የጭነት መኪናዎችና በእነርሱ ላይ የሠለጠኑ ሠራተኞች በአገራችን ለብዙ ዘመን ስለ ሠሩ፣ ቃላቱም ከመፍቻውና ከመዶሻው ጋር በየጋራዡ ቀሩ። ወራሪውን አባረን ቃሉን ማስቀረታችን አንዳንድ ጊዜ ያስቀኛል፤ ነገር ግን የቦርደዴ ብየዳ ሠራተኛ «አንጎላሬ አምጣ» ሲለኝ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ወዲያው ይገባኛል፤ በማዕዘን የታጠፈ ብረት ማለቱ ነው።

መቼም «አሮጌ መኪና ከሚጠግኑ ለምን አዲስ አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ካገለገሉ መኪናዎች ላይ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከገፋው ላይ፣ ከባድ ግብር ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። ስለዚህ አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው እንደ ወተት ላም ይጠብቃታል። ሞተርዋ ሲደክም ያሳድሳል፤ ካሶኒዋ ሲዝግ ሌላ ያሠራል። መለዋወጫ ያጣ እስከ አዲስ አበባ መርካቶ፣ እስከ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሴ ምክንያት ልመለስ። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችው። እኛ ቤት የሚበላው እንጀራ፣ እኔም የምማርበት ደብተር ከእርስዋ ነው። የፋብሪካው ካሶኒ የፍየል ሽንትና የጨው ውሃ ስለ በላው ወለሉ ተበሳስቶ መንገዱ ከታች ይታይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ስሙን ወደማልጠራው አንድ ብየዳ ቤት ተወስዳ አዲስ ካሶኒ ተሠራላት። ካሶኒው ሲያዩት ግርማ ነበረው። ወለሉ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሆኖ፣ ዙሪያውን ከሻንሲው ጋር በብየዳ ተጣብቆ ነበር። አባቴም «ይህ እንኳ ከእኔ በኋላም ይኖራል» አለ።

አንድ ዓመት አልሞላም። ከሚኤሶ በላይ ወደ ጭሮ የሚያወጣውን ዳገት ፍየልና በቆሎ ጭነን ስንወጣ፣ ከበታቻችን እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ያለ ድምፅ ተሰማ። ወርደን ብናይ የካሶኒው የላይኛው ጠርዝ ወደ ካቢናው ጀርባ ተጠግቶ ሊነካው ደርሷል፤ የሾፌሩም በር አልዘጋ አለ። አባቴ ከታች ገብቶ ተመልክቶ ለረጅም ጊዜ ሳይናገር ቆየ። ሻንሲው ልክ ከካቢናው ኋላ፣ ብየዳው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ፍየሎቹን አውርደን በእግር ነዳናቸው፤ በቆሎውን ለሌላ መኪና ከፍለን አስጫንን፤ መኪናችንም ባዶዋን እያዘገመች ጭሮ ገባች። ከዚያም ሁለት ወር ያህል ቆመች። በእነዚያ ሁለት ወራት ቤታችን እንዴት እንደ ነበረ ዝርዝሩን ልተወው፤ እናቴ ከጎረቤት የተበደረችው ጤፍ የተመለሰው በዚህ ዓመት ነው ብል ይበቃል።

ስንጥቁ ለምን መጣ? እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሻንሲ ማለት ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግድም ብረቶች የተያያዙበት፣ ቅርጹ የተጋደመ መሰላል የሚመስል አካል ነው። ሞተሩም፣ ካቢናውም፣ ካሶኒውም በእርሱ ላይ ይቀመጣሉ። መኪናው ጉድጓድና ጉብታ ባለበት መንገድ ሲሄድ አንደኛው ጎማ ሲነሣ ሌላኛው ስለሚወርድ፣ ሻንሲው ልብስ እንደሚጨመቅ ዓይነት በመጠኑ ይጠመዘዛል። ሲሠሩትም እንዲጠመዘዝ አስበው ነው፤ ጉድለት አይደለም። አንባቢ ይህን በዓይኑ ለማየት ቢፈልግ የክብሪት ሣጥን ያንሣ። ክብሪቱ ያለበትን የውስጠኛውን መሳቢያ አውጥቶ በሁለት እጁ ቢጠመዝዘው በቀላሉ ይጣመማል። መልሶ ከሽፋኑ ውስጥ ቢከተውና ቢጠመዝዘው ግን አሻፈረኝ ይላል። ግድግዳ ያለው ካሶኒ እንደ ተዘጋው ሣጥን ግትር ነው፤ ሻንሲው ግን እንደ መሳቢያው ነው። ግትሩን ከተጣጣፊው ጋር በብየዳ ካጣበቁት፣ ሻንሲው በካሶኒው ርዝመት ሁሉ መጠምዘዝ ስለማይችል መጣመሙ ሁሉ ብየዳው በሚያልቅበት በአንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። የብየዳው ሙቀትም የዚያን ቦታ ብረት ጠባይ ቀድሞ ለውጦታል። ሽቦን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ያጠፈ ሁሉ የሚሆነውን ያውቃል።

ከመጣበቁ በቀር ሁለተኛ ጥፋት ነበረ፤ እርሱም ክብደት ነው። ይህን ለማወቅ ምስጢር አያስፈልግም፤ የፊዚክስ ትምህርታችን ይበቃል። የብረት እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ከ31 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የእኛ ካሶኒ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ70 ነበረ። ሳሰላው ወለሉ ብቻ 117፣ ግድግዳዎቹ 147፣ የሥሩ አጥንት ደግሞ 97 ኪሎ፣ በድምሩ 361 ኪሎ ሆነ። እንዲህ ያለ ፒካፕ የሚሸከመው አንድ ቶን ያህል ነው እንበል፤ እንግዲህ ከሲሶው በላይ የሆነውን አቅም ገና ፍየል ሳይወጣበት ካሶኒው ራሱ ወስዶታል። አባቴ ግን እንደ ቀድሞው ይጭን ነበር፤ ግድግዳው ከፍ ስላለም እንዲያውም ይጨምር ነበር። ረጅም ግድግዳ ባለመኪናን «ገና ቦታ አለህ» እያለ ያታልለዋል። እኔ በበኩሌ ከፍ ያለ ግድግዳ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል ባይ ነኝ፤ አባቴ በዚህ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አይስማማም።

በጭሮ አንድ ሽማግሌ የካሶኒ ሠሪ አገኘን። ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራቸው። ስንጥቁን በመነጽራቸው ካዩ በኋላ ለአባቴ «ወንድሜ፣ መኪናህን ያሰሩልህ መስሎህ አሳስረሃታል» አሉት። የክረምቱን ዕረፍት በእርሳቸው ዘንድ እያገለገልሁ ቆየሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውንም ያየሁት በዚያ ነው።

በመጀመሪያ የተጣበቀው ካሶኒ በጥንቃቄ ተቆርጦ ወረደ። ቀጥሎም ስንጥቁ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ተበሳ። ስንጥቅ ሹል ጫፍ እስካለው ድረስ መሄዱን አያቆምም፤ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ግን ኃይሉ ስለሚበተን ይቆማል። ከዚያ ስንጥቁ ተፍቆ ተበየደ፤ በጎኑም ጫፎቹ እንደ ቅጠል የሾሉ ማጠናከሪያ ብረት ተደረበበት። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንደ ሆነ በሻንሲው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ የብየዳ መስመር ይፈጠራል፤ አዲሱም ስንጥቅ ከዚያው ይጀምራል አሉኝ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ የነዳጁ ጋንም ይወርዳል። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውንም ራሱንም ሊያቃጥል ይችላል።

አዲሱን ካሶኒ ለመሥራት ከልኬት ተጀመረ። አባቴ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ጋሼ እንቢ አሉ። ምክንያታቸው የሚዛን ሕግ ነው፤ የኋላው ጎማ እንደ ሚዛን መካከለኛ ሆኖ፣ ከእርሱ በስተኋላ የተጫነ ሁሉ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ80 ገደማ ቢሆንና 200 ኪሎ ከኋላው ጎማ 60 ሳንቲ ሜትር አልፎ ቢጫን፣ ከፊተኛው ጎማ ላይ 43 ኪሎ ያህል ክብደት ይነሣል። ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ መሪው ይቀልና መኪናው አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ የካሶኒው እኩሌታ ከኋላው ጎማ መካከል ሳያልፍ እንዲቀር ርዝመቱ እንደ ቀድሞው 2 ሜትር ከ20 ሆነ። ስፋቱም ከካቢናው እንዳይወጣ 1 ሜትር ከ70 ሆነ። በካቢናውና በካሶኒው መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተተወ፤ ካቢናው በጎማ ትራስ ላይ ስለ ተቀመጠ በጉዞ ላይ ይወዛወዛልና። ከጎማው በላይ ያለው ባዶ ቦታም ተለካ። ጭነት ሲበዛ ባሌስትራው ይተኛና ጎማው ወደ ላይ ስለሚጠጋ፣ በባዶ መኪና የተለካ ርቀት በጭነት ጊዜ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ አጥንቱ ተሠራ። ሁለት ረጃጅም ቱቦላሬዎች 80 በ40 ሚሊ ሜትር፣ በእነርሱ ላይ ስድስት አግድም ቱቦላሬዎች 60 በ40፣ ዙሪያውን ደግሞ 50 በ50 አንጎላሬ። የሁሉም ሥራ የሚከናወነው ከመኪናው ወርዶ፣ በመሬት ላይ ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ ሲሠራ በማየቴ እጅግ ደስ አለኝ። የ2.20 እና የ1.70 ካሬዎች ሲደመሩ 7.73 ይሆናል፤ ሥሩም 2.78 ነው። ስለዚህ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ከ78 ካልመጣ ካሶኒው ጠምሟል ማለት ነው። ጋሼ ካሬም ሥርም አያውቁም፤ ሁለቱን ሰያፍ በገመድ እየለኩ እኩል እስኪሆን ድረስ በመዶሻ ይመታሉ። ውጤቱ ከእኔ ስሌት ጋር አንድ ሆነ። እኔ ሦስት ደቂቃ ስጽፍ እርሳቸው ቀድመው ጨርሰው ነበር።

ብየዳውም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሁሉም መገጣጠሚያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ይያዛል። ማዕዘኑ እንደ ገና ይለካል። ቀጥሎም አንዱን ጥግ በየዱ እንደ ሆነ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይኬዳል፤ በአንድ ወገን ብቻ እየበየዱ ቢሄዱ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ አጥንቱን ሁሉ ወደዚያው ይስበዋል። እኔ አንድ ቀን ይህን ረስቼ ሦስት መገጣጠሚያ በተከታታይ በይጄ አንድ ጣት ያህል አጣመምሁት። ተቆጥተው አልተናገሩኝም፤ በዝምታ በእጄ አስፈቱኝ።

ወለሉ ከእንጨት ይሁን ከላሜራ በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበረ። እኔ የእንጨቱ ወገን ነኝ። ላሜራ በቦርደዴ ፀሐይ ሲግል እንቁላል ይጠብሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የፍየል ሰኮናም በላዩ ይንሸራተታል፤ አንዲት ፍየል ከወደቀች ሌሎቹ ይረግጧታል። እንጨት ግን አይግልም፣ አያንሸራትትም፣ አንዱ ጣውላ ቢሰበር እርሱ ብቻ ይለወጣል። የተመረጠው የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲሆን ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። እርጥቡን መምታት ግን ስሕተት ነው፤ እየደረቀ ይሸሻል፣ ይጣመማልም። በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ጭራሮ እየገባበት ተደራርቦ ነፋስ እየመታው ሊደርቅ ይገባል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንደ ሆነ ይሰነጠቃል። በጣውላና ጣውላ መካከል ውሃና ሽንት የሚወርድበት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከታችም ከላይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ምስጥና እርጥበት እንዲርቀው ይደረጋል። ብረቱ ሁሉ ከብየዳ በኋላ ተፍቆ ዝገት የሚከላከል ቀለም ይቀባል፤ የቱቦላሬው ክፍት ጫፍም ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ከውስጥ እየዛገ ሳይታይ ያልቃል።

ከሁሉ የበለጠው ነገር አቀማመጡ ነው። አዲሱ ካሶኒ ከሻንሲው ጋር አንድም ቦታ ላይ አልተበየደም። በሻንሲውና በካሶኒው ረጅም ብረት መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ ተዘረጋ። ከዚያም ፋብሪካው ለድሮው ካሶኒ ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ቡሎን ገባ። በኋላ በኩል ያሉት ቡሎኖች ጥብቅ ሆኑ። በፊት በኩል፣ ማለት ከካቢናው ኋላ ባሉት ላይ፣ ከዳዶው በታች ጠንካራ ስፕሪንግ ገባባቸው፤ ሻንሲው ሲጠመዘዝ ካሶኒው በጥቂቱ ተነሥቶ መልሶ እንዲቀመጥ ነው። በሻንሲው የላይኛውና የታችኛው ገጽ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ክልክል ነው፤ የመታጠፍ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ ሁለት ገጾች ላይ ስለ ሆነ፣ ቀዳዳ ማለት ለስንጥቅ በር መክፈት ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና ይጠበቃሉ።

ስፖንዳዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍታ ያላቸው፣ በማጠፊያ የሚከፈቱ የእንጨት ሆኑ። ፍየል ሲጫን የሚተከሉና ሲወርድ የሚነቀሉ ቋሚዎችም ተዘጋጁላቸው። በካቢናው ጀርባ ላይ መስተዋቱን ከሚንሸራተት ጭነት የሚጠብቅ አጥር ቆመ። ከዚህ በቀር የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ፣ የሰሌዳ መብራትና ፓራፋንጎ አሉ፤ እነዚህ ትንሽ ይመስላሉ፤ ሌሊት ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ግን ከካሶኒው ይበልጣሉ። የመኪናው አካል በሊብሬው ላይ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ቦሎ ለማግኘት በሚደረገው ምርመራ ጊዜ ችግር እንዳይመጣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እኛ ይህን ዘግይተን ስላደረግን ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል።

አዲሱን ካሶኒ ደግሜ አሰላሁት። አጥንቱ 97፣ ወለሉ 70፣ ስፖንዳዎቹ 34፣ የካቢናው አጥርና ማጠፊያዎቹ 25 ኪሎ ያህል፣ በድምሩ 226 ኪሎ ይሆናል። ከፊተኛው 135 ኪሎ ይቀልላል። ይህ በእኛ አገር ሂሳብ አምስት ፍየል ነው።

ይህ ዓይነት ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊሊፒኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን የተዉላቸውን ጂፖች አስረዝመው ጂፕኒ የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ሠርተዋል። በፓኪስታን የጭነት መኪና አካል የሚሠሩትና በቀለም የሚያስጌጡት ሠራተኞች በዓለም የታወቁ ናቸው። አውስትራሊያውያን ገበሬዎችም የፒካፖቻቸውን ሣጥን አውርደው በጠፍጣፋ ካሶኒ ይለውጣሉ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እነርሱስ ቡሎን ነው ብየዳ የሚጠቀሙት?» ብለው ጠየቁኝ እንጂ ብዙም አልተደነቁም።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ያንኑ ዳገት ጭነን ወጣን። አባቴ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ጆሮውን ከታች ወደሚመጣው ድምፅ አድርጎ ነበር የሚነዳው። ባለፈው በተሰነጠቀበት ቦታ አጠገብ ስንደርስ ራሱ አቆመ። ወርጄ በካቢናውና በካሶኒው መካከል ጣቶቼን አስገባሁ፤ ከላይም ከታችም አራት ጣት ነበረ። «አራት» አልሁት። እርሱም ሊያምነኝ ስላልፈለገ ወርዶ በራሱ ጣት ለካ፤ የእርሱ ጣት ወፍራም ስለ ሆነ ሦስት ተኩል ገባ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሄድን።